የአንባቢያን ጥያቄ፦ ያማናካ፣ አራቱ ጂኖችና የጉልበት መርፌው

ባለፈው ዕትም ስለ ስቴም ሴል ስንጽፍ የጃፓኑን የሕክምና ፕሮፌሰር ሺንያ ያማናካን በሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ስቴም ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ የሚችል ሴል ነው፤ ያማናካ የቆዳ ሴልን በአራት ጂኖች ወደዚህ ዓይነት ሴል መልሰው በ2012 ኖቤል ተሸለሙ። እንዳልበቃችሁ ደብዳቤዎቻችሁ ነገሩን። ተደጋጋሚዎቹን አንድ ላይ አድርገን ከዚህ በታች መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሐዋሳ ኢንተርን ነኝ። ያማናካ ቀዶ ሕክምና አቅቷቸው ተባረዋል፣ ከዚያ ነው ወደ ምርምር የገቡት ይባላል። እውነት ነው? የምጠይቀው እኔም ስሰፋ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው።

አልተባረሩም። ወሬ ሲተላለፍ እየጨመረ ነው የሚሄደው። በ1962 ኦሳካ ተወለዱ። በትምህርት ቤት ጁዶ፣ በኮቤ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራግቢ ይጫወቱ ነበር፤ ከአሥር ጊዜ በላይ አጥንታቸው ተሰብሯል። አጥንት ሐኪም ሲመላለሱ ኖረው አጥንት ሐኪም ለመሆን መረጡ። በ1987 ተመርቀው ሥልጠናውን ጀመሩ። እጃቸው ቀርፋፋ እንደነበር ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል የሚባለውን ትንሽ ዕጢ የማውጣት ሥራ፣ ያውም የጓደኛቸውን፣ ሁለት ሰዓት ወስዶባቸዋል። አሠልጣኙ ሐኪም በስማቸው ተጫውቶ “ጃማናካ” ይላቸው ነበር። “ጃማ” በጃፓንኛ እንቅፋት ማለት ነው። ቢሆንም የሁለት ዓመቱን ሥልጠና ጨርሰው ነው የወጡት።

ወደ ምርምር የገፏቸው ነገሮች ሌሎች ናቸው። አንደኛው፣ በአጥንት ክፍል የሚያዩአቸው ሰዎች ሁኔታ ነው። የአከርካሪ አጥንት ጉዳትና ከባድ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለባቸውን ሰዎች በዓለም ምርጡ ቀዶ ሐኪምም ቢሆን አያድናቸውም። ሁለተኛው አባታቸው ናቸው። የልብስ ስፌት መኪና ክፍሎች የሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ ነበራቸው። በሥራ ላይ ተጎድተው ደም ተሰጣቸው፣ በደሙ የጉበት በሽታ ያዛቸው፣ ልጃቸው ሐኪም በሆኑ ማግሥት ማለት ይቻላል፣ በ58 ዓመታቸው አረፉ። የበሽታው መንሥኤ ሄፓታይተስ ሲ መሆኑ የታወቀው በዚያው ዘመን፣ በ1989 ነው። በ12 ሳምንት ክኒን አብዛኛውን ሕመምተኛ የሚፈውሰው መድኃኒት ደግሞ በ2014 መጣ። ያማናካ ይህን የ25 ዓመት ርቀት በየንግግራቸው ያነሱታል።

ስለ እጅዎ ደግሞ፦ የጀማሪ እጅ መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክንዱ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ነው። የእጅዎን አንጓ ወይም ትንሿን ጣት በታካሚው ወይም በጠረጴዛው ላይ ያሳርፉ። መርፌውን ከጫፉ ሁለት ሦስተኛው ላይ ይያዙት፤ ወደ ክሩ በጣም ቀርበው ከያዙት ይጎብጣል። ቆዳውን በ90 ዲግሪ ይውጉ፤ የሚያዞረው አንጓ እንጂ ትከሻ አይሁን። ከሥጋ ቤት የበግ እግር ገዝተው በቀን 20 ስፌት ለአንድ ወር ይሥሩ። በተረኝነት ጠዋት ቡናውን ይቀንሱ። አስም ኖሮብዎት ሳልቡታሞል የሚወስዱ ከሆነ እሱም ያንቀጠቅጣል። እጅዎን ዘርግተው ያለ ሥራ በያዙበት ጊዜም ከተንቀጠቀጠ፣ ክብደት ከቀነሱ ወይም ልብዎ በፍጥነት ከመታ የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ ያድርጉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው፤ ባለቤቴም እኔም ነርሶች ነን። ሰውዬው ትዳርና ልጆች እያሏቸው እንዴት እዚህ ደረሱ? ስለ ቤታቸው ኑሮም ብትጽፉልን።

ባለቤታቸው የቆዳ ሐኪም ናቸው፤ የሚተዋወቁት ከትምህርት ቤት ጀምሮ ነው። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። በ1989 በኦሳካ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ሆኑ። የመጀመሪያ ሙከራቸው በውሻ የደም ግፊት ላይ ነበር። አንድ መድኃኒት የግፊቱን መውረድ ይከላከላል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ አባሰው። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር፤ እሳቸው ግን በደስታ ወደ አስተማሪያቸው ሮጡ። የሥራ ሕይወታቸውን በሙሉ ለመረዳት ይህን አንድ ቀን መያዝ ይበቃል ባይ ነን፤ ከዚህ በኋላም የሚጠብቁት ነገር በተገለበጠ ቁጥር የተገለበጠውን ተከትለው ነው የሄዱት።

በ1993 በመጽሔት ማስታወቂያ እያዩ በርካታ ቦታ አመልክተው ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ግላድስቶን ተቋም ተቀበላቸው። ባለቤታቸውና ሕፃናቱ አብረው ሄዱ። የተሰጣቸው ሥራ የደም ቅባት ይቀንሳል የተባለ ጂን በአይጦች ጉበት ውስጥ አብዝቶ ማስገባት ነበር። አንድ ቀን አይጦቹን የምትንከባከበው ሠራተኛ መጥታ አይጦችህ አርግዘዋል አለቻቸው፤ ግን ወንዶቹም አርግዘዋል! ሆዳቸውን የነፋው የጉበት ካንሰር ነበር። ቅባት መቀነሱ ቀረና ካንሰሩን ምን አመጣው ብለው ሲፈልጉ ኤንኤቲ1 የተባለ ሌላ ጂን አገኙ። ያንን ጂን ከፅንስ ስቴም ሴል ላይ ሲያጠፉት ሴሉ መባዛቱን ይቀጥላል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ ግን ይሳነዋል። አጥንት ሐኪሙ ወደ ስቴም ሴል የገቡት በዚህ በር ነው።

ከዚያ ያለው ዘመን ለቤተሰቡ ከባዱ ነው። ትልቋ ልጅ ጃፓን አንደኛ ክፍል እንድትጀምር እናትና ልጆች ቀድመው ተመለሱ፤ አባት ከወራት በኋላ በ1996 ተከተሉ። በኦሳካ በሕክምና ትምህርት ቤት ረዳት ሆነው ሲቀጠሩ አሜሪካ የለመዱት ሁሉ የለም፤ ገንዘብ የለም፣ የአይጥ ተንከባካቢ የለም፣ ስለ ምርምራቸው የሚወያያቸው ሰውም ጥቂት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ አይጦችን ሳጥን በየቀኑ የሚያጸዱት ራሳቸው ነበሩ። ባልደረቦቻቸውም የአይጥ ጉዳይ ትተው ለሰው የሚጠቅም ነገር ላይ ይሥሩ ይሏቸው ነበር። ይህን ጊዜ “ከአሜሪካ መልስ የሚመጣ ድብርት” እያሉ ይቀልዱበታል፤ ምርምሩን ትተው ወደ ክሊኒክ ሊመለሱ ተቃርበው ነበር። ከውጭ ትምህርት አገር ቤት የተመለሰ አበሻ ሁሉ ስሜቱን የሚያውቀው ይመስለናል። በ1999 መጨረሻ ናራ የሚገኘው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ተባባሪ ፕሮፌሰር አድርጎ ቀጠራቸውና የራሳቸው ቤተ ሙከራ፣ ተማሪና የአይጥ ቤት አገኙ። በ2004 ወደ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

የኖቤሉ ዜና በጥቅምት 2012 ሲደርሳቸው ቤታቸው ሆነው የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊጠግኑ እየታገሉ ነበር። የጃፓን ሚኒስትሮች ይህን ሰምተው የማሽን መግዣ አዋጡላቸው። ማራቶን መሮጣቸውን የጠየቃችሁ ደግሞ ብዙ ናችሁ። ይሮጣሉ፤ ግን ለጤና ብቻ አይደለም። በኪዮቶ ይመሩት በነበረው የስቴም ሴል ምርምር ማዕከል ከአሥር ሠራተኛ ዘጠኙ በጊዜያዊ ውል የሚሠራ ስለነበር ደመወዛቸውን የሚሸፍን መዋጮ ለማሰባሰብ በመጋቢት 2012 የኪዮቶን ማራቶን ሮጡ፤ በአራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ገደማ ጨርሰው ከ10 ሚሊዮን የን በላይ አሰባሰቡ። ፕሮፌሰር ማለት ጃፓንም ቢሆን ግማሹ ሥራ ለሰው ደመወዝ መለመን ነው። በ2022 የማዕከሉን ዳይሬክተርነት አስረክበው ወደ ቤተ ሙከራቸው ተመልሰዋል። ከ2007 ጀምሮ በግላድስቶንም ትንሽ ቤተ ሙከራ ስላላቸው በዓመት ብዙ ጊዜ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይመላለሳሉ።

በጅማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አራቱን ጂኖች እንዴት ለዩአቸው? ሥራው ደረጃ በደረጃ ምን ይመስላል? ተማሪዎቼ “ታዲያ ለምን ካንሰር ያመጣል?” ብለው ወጥረው ያዙኝ።

መነሻው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ገርደን በ1962፣ ያማናካ በተወለዱበት ዓመት፣ ያሳተሙት ሥራ ነው። ከእንቁራሪት አንጀት ሴል ኒውክሊየሱን (የዘር መመሪያውን የያዘውን የሴሉን እምብርት) አውጥተው የራሱ ኒውክሊየስ በጠፋበት እንቁላል ውስጥ ሲያስገቡ ጭንቁላ ወጣው። ስለዚህ የአንጀት ሴል ሙሉ መመሪያው አልጠፋም፣ ተዘግቶ ነው ያለው። የያማናካ ጥያቄ መክፈቻው ምንድን ነው የሚል ነበር።

በፅንስ ስቴም ሴል ውስጥ ጎልተው የሚሠሩ 24 ጂኖችን መረጡ። ቀጥለው ወጥመድ ሠሩ። ኤፍቢኤክስ15 የሚባለው ጂን በስቴም ሴል ውስጥ ብቻ ይሠራል፤ በእሱ ቦታ ላይ መድኃኒት የሚቋቋም ጂን የገባበት የአይጥ ቆዳ ሴል አዘጋጁ። በሳህኑ ላይ ሴል ገዳይ መድኃኒት ሲጨመር የሚተርፈው ወደ ስቴም ሴልነት የተመለሰው ብቻ ነው። 24ቱን በሬትሮቫይረስ (ጂን ተሸክሞ ወደ ሴል በሚያስገባ ቫይረስ) አንድ በአንድ ሲያስገቡ ምንም የለም። ሁሉንም በአንድ ላይ ሲያስገቡ ግን ሴሎች ተርፈው ክምችት ሠሩ። ቀሪው ከ24ቱ አስፈላጊዎቹን መለየት ነው። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያሉ መሞከር የትየለሌ ነው። መፍትሔውን ያመጡት ካዙቶሺ ታካሃሺ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ናቸው፤ የመጀመሪያ ትምህርታቸው ምሕንድስና ነበር። 23ቱን አስገብቶ አንዱን ብቻ ማጉደል፤ ሲጎድል ሥራው የሚቆምበት ጂን እሱ ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ መንገድ ወደ 10፣ ከ10 ደግሞ ወደ አራት ወረዱ፦ ኦክት3/4፣ ሶክስ2፣ ኬኤልኤፍ4 እና ሲ-ሚክ። ለተማሪዎችዎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይህን የማጉደል ዘዴ ብቻ ቢያስተምሩ የክፍለ ጊዜውን ዋጋ አገኙ። ውጤቱ በነሐሴ 2006 ታተመ፤ በኅዳር 2007 ደግሞ በሰው ሴል ተደገመ። አሜሪካዊው ጄምስ ቶምሰንም በከፊል በተለዩ ጂኖች ተመሳሳዩን ያሳተሙት በዚያው ቀን ነው። እንዲህ የተሠሩትን ሴሎች ያማናካ አይፒኤስ (iPS) ሴል አሏቸው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል “አይ” ትንሿ ሆና የተጻፈችው ከአይፖድ ተወስዳ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሙዚቃ የሚሰማበት ሁሉ የያዘው መሣሪያ ስለነበር ስሙም እንዲለመድ ብለው።

የዛሬው አሠራር ከሬትሮቫይረስ ወጥቷል። ከ10 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ደም ነጭ ሴሎች ይለያሉ፤ ጂኖቹ ከክሮሞሶም ጋር በማይጣበቁ ክብ ዲኤንኤዎች ተጭነው በኤሌክትሪክ ምት ወደ ሴሉ ይገባሉ፤ እነዚህ ዲኤንኤዎች ሴሉ ሲባዛ ይጠፋሉ። ሴሎቹ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስና በ5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኢንኩቤተር ውስጥ ይቀመጣሉ። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ጠርዛቸው የተስተካከለ ጠፍጣፋ ክምችቶች ይታያሉ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በ2007ቱ የሰው ሙከራ ከ50,000 ሴል የተገኘው ወደ 10 ክምችት ነበር። ክምችቱ እየተለቀመ ወደ አዲስ ሳህን ይዛወራል፣ ምግቡ በየቀኑ ይለወጣል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይከፋፈላል።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክምችቱ ካደገ በኋላ ሳይከፋፈል ከቆየ መሐሉ ይጠቁርና ሴሎቹ በራሳቸው ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ ይጀምራሉ። የሰው ሴል ነጠላ በነጠላ ከተለያየ በብዛት ይሞታል፤ ለዚህ ዋይ-27632 የሚባለው ንጥረ ነገር በ10 ማይክሮሞላር ለአንድ ቀን ይጨመራል። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ከገባ በዓይን አይታይም፤ በየወሩ መመርመር ያስፈልጋል። ሴሎቹ በሳህን ላይ ለረጅም ጊዜ ሲራቡ ክሮሞሶም 12 እና የ20 ረጅም ክንድ የመብዛት ጠባይ ስላላቸው የክሮሞሶም ምርመራ በየጊዜው ይደረጋል። መብራት ለሰዓታት የሚጠፋበትና ጀነሬተር የሌለው ቤት ይህን ባይሞክር ይሻላል፤ ሴሎቹ የሰዓታት ቅዝቃዜን አይችሉም።

ወደ ካንሰሩ ስንመጣ፣ ምክንያቱ ሁለት ነው። ሲ-ሚክ ራሱ የታወቀ የካንሰር ጂን ነው። ሬትሮቫይረሱ ጂኑን ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ስለሚያጣብቀው ተዘግቶ ቆይቶ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከተገኙት የአይጥ ልጆች ወደ 20 በመቶው ዕጢ አበቀሉ። አሁን በእሱ ፋንታ ኤል-ሚክ ይገባል። ሁለተኛው ምክንያት የሴሉ ጠባይ ነው። ወደ ነርቭ ወይም ወደ ጡንቻ ሳይለወጥ የቀረ ጥቂት ሴል ሰው ውስጥ ቢገባ ጥርስ፣ ፀጉርና ጡንቻ የተቀላቀለበት ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ያበቅላል። ስለዚህ ወደ ታካሚ ከመሄዱ በፊት ያልተለወጡት ሴሎች ተለይተው ይወጣሉ፣ ናሙናውም አይጥ ላይ ይፈተናል።

ዱባይ ነው የምሠራው። የአዲስ አበባዋ እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ውጭ አገር ያለ ክሊኒክ “የኖቤል ተሸላሚው ግኝት ነው” ብሎ የስቴም ሴል መርፌ በብዙ ሺህ ዶላር ሊሰጣት ነው። ልላክላት?

አይላኩ። ስሙን ተበድረው እንጂ የያማናካ ሴል አይደለም። ለጉልበት የሚሸጠው መርፌ በአብዛኛው ከራስ ሰው ስብ ወይም መቅኔ ወይም ከእትብት ደም የተወሰደ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለጉልበት መበላሸት የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም። ጉዳቱም ተረት አይደለም፤ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም የተሠራ ምርት የተወጉ 12 ሰዎች ባክቴሪያ ገብቶባቸው ታክመዋል። በፍሎሪዳም በዓይናቸው ውስጥ የስብ ሴል የተወጉ ሦስት ሴቶች ዓይናቸው ታውሮ ቀርቷል።

ክሊኒኩን ለመፈተን የሚከተለውን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ሴሉ ከየት ተወሰደ? የፈቀደው የመንግሥት መሥሪያ ቤት የትኛው ነው፣ የፈቃድ ቁጥሩስ? የምርምር ሙከራ ከሆነ በየት ተመዝግቧል፣ ለምንስ ታካሚው ይከፍላል? ለእውነተኛ ሙከራ ታካሚ በአብዛኛው ገንዘብ አይከፍልም። ለጉልበትም፣ ለስኳርም፣ ለልጅ ኦቲዝምም ያው አንድ መርፌ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው እዚያው ላይ ይበቃል።

የእውነተኛው የአይፒኤስ ሴል ጉዞ በጣም ዝግ ያለ ነው። በ2014 በጃፓን ማሳዮ ታካሃሺ የመሩት ቡድን በሰባዎቹ ዕድሜ ላለች ሴት ከራሷ ቆዳ የተሠራ የዓይን መጋረጃ ሴል ተከሉላት። ለሁለተኛው ታካሚ የተዘጋጀው ሴል የጂን ለውጥ ታይቶበት ተቋረጠ። ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱ መሥራት ጊዜውም ወጪውም የማይቻል ስለሆነ ኪዮቶ ለብዙ ሰው የሚስማማ የቲሹ ዓይነት ካላቸው ጥቂት ሰዎች ሴል እያከማቸ ነው፤ ከሰባት ለጋሾች የተገኘው ወደ 40 በመቶ ለሚሆነው የጃፓን ሕዝብ ይስማማል። በኪዮቶ ለፓርኪንሰን (ለሚያንቀጠቅጠው የአንጎል ሕመም) የተደረገው ሙከራ ሚያዝያ 2025 ታትሟል፤ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 የሆነ ሰባት ታካሚዎች በሁለቱም የአንጎል ወገን ሴል ተተከለላቸው፣ ለሁለት ዓመት ዕጢ አልታየም፣ ውጤቱ ከተለካላቸው ስድስቱ አራቱ የመድኃኒታቸው ኃይል በማይሠራበት ሰዓት ሲለኩ ተሻሽለዋል። ሰባት ሰው!

እናትዎ ግን ዛሬ የምታደርገው አላት። ከባድ ከሆኑ ክብደት መቀነስ፤ አንድ ኪሎ ሲወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ወንበር ላይ ተቀምጠው እግር ቀጥ አድርጎ አምስት ሰከንድ ይዞ መመለስ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። በዱላ ከሚታመመው በተቃራኒው እጅ መደገፍ። ሕመም የሚያስታግሰው የዲክሎፌናክ ቅባት፤ የኩላሊት ወይም የጨጓራ ችግር ካለ ክኒኑን ለሐኪም ሳይነግሩ አይውሰዱ። ሌሊት የሚያነቃና መራመድ የሚከለክል ሕመም ካለ የአጥንት ሐኪም ይዩ፤ ሊልኩ ያሰቡት ብር ለጉልበት መተኪያ ቀዶ ሕክምና ቢቀመጥ ይሻላል።

በጎንደር ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ጃፓን በምርምር ዶክትሬት መማር እፈልጋለሁ። በየት ይጀመራል?

የጃፓን መንግሥት የተመራማሪ ተማሪ ስኮላርሺፕ በአዲስ አበባው የጃፓን ኤምባሲ በኩል በየዓመቱ ይወጣል፤ ዕድሜ ከ35 በታች መሆን አለበት። የሕክምና ዶክትሬቱ አራት ዓመት ሲሆን ከ12ኛ ክፍል በኋላ ስድስት ዓመት ሕክምና የተማረ ያለ ማስተርስ በቀጥታ ለመግባት ማመልከት ይችላል። የወር አበሉ ወደ 145,000 የን ነው፤ የትምህርት ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት ይሸፈናል።

ሰነድ ከማስገባትዎ በፊት የሚፈልጉትን ፕሮፌሰር ያግኙ። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን፤ የእሳቸውን አንድ ጽሑፍ አንብበው አንድ ጥያቄ ያንሱበት። ለሃያ ሰው አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚልክ ሰው ይታወቃል። ኤምባሲው በሰነድ፣ በጽሑፍ ፈተና (እንግሊዝኛና ጃፓንኛ) እና በቃለ መጠይቅ ይለያል። ከዚያ ያለፈ ከዩኒቨርሲቲው “ናይዳኩ” የሚባል ቅድመ ቅበላ ደብዳቤ ማምጣት አለበት፤ አስቀድመው የተዋወቁት ፕሮፌሰር የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ጃፓንኛ ባይችሉም ማመልከት አይከለከልም፤ ቤተ ሙከራው በእንግሊዝኛ ቢሠራም አይጥ ቤቱ፣ ባንኩና ቀበሌው በጃፓንኛ ነው።

ሁለት ነገር ቀድመው ይወቁ። የጃፓን የሐኪም ፈቃድ ፈተና ሳያልፉ በሽተኛ ማየት አይፈቀድም፤ አራቱን ዓመት ሙሉ ከክሊኒክ ውጭ ነዎት። ስኮላርሺፑ ለቤተሰብ ትኬትም ሆነ ተጨማሪ አበል የለውም፤ ባለቤትዎ በጥገኛ ቪዛ ከመጡ ፈቃድ አውጥተው በሳምንት እስከ 28 ሰዓት ብቻ መሥራት ይችላሉ።